የወንድም ድርሻ

በጠላቂዎቹ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ጥልቅ ውሃ የሚወርድ ሰው የተሸከመውን ጋዝ ሁሉ የራሴ ነው አይልም። ከፊሉ ለሥራው ነው፤ የቀረው አይነካም። ይህ የማይነካው፣ ጓደኛው ድንገት ጋዝ ቢያልቅበት ሁለቱም ከአንድ ሰው ጀርባ እየተነፈሱ ሃያ አንድ ሜትር ላይ ገመድ ላይ እስከተሰቀለው ሲሊንደር እንዲደርሱ ነው። ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው። እነሱ ግን «የወንድም ድርሻ» ይሉታል።

ይህን ድርሻ በሊትር እያሰላች የምትፈርመው ሴት «ቀማሪዋ» ትባላለች። ታናሽ ወንድሟ ከጠላቂዎቹ አንዱ ነው።

የዚያን ዕለት ረፋዱ ላይ ወንድሟና የጠላቂዎቹ አለቃ የግድቡን የታችኛውን በር ሊያዩ ሰባ ሜትር ወርደዋል። ስምንት ደቂቃ ሆኗቸዋል። ቀማሪዋ ከጀልባዋ ካፒቴን ጋር ላይ ቀርታለች። በነፋሱ በረዳትና የወንድሟን ጃኬት ልትለብስ ቦርሳውን ብትከፍት አንዲት ማስታወሻ ደብተር ወደቀች።

ደብተሯን ታውቃታለች። ጠላቂ ሁሉ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚተነፍስ የሚጽፍባት ናት። ሁለት ወር ሙሉ በየገጹ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት ይላል። ልትዘጋው ስትል ጣቷ የተፋቀ ወረቀት ነካ። ገጹን ለፀሐይ ገልብጣ አየችው። ቁጥሮቹ በላጲስ ጠፍተው ነው የተጻፉት። ከ«1» ሥር የ«2» ቅርጽ ይታያል፤ ከ«7» ሥር የነበረው ግን ጨርሶ አይነበብም።

ሃያ ምን? ሃያ አንድ ከሆነ ይሁን፤ ሃያ ዘጠኝ ከሆነስ?

ይህ ውሸት ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጨነቅ አላስፈለጋትም። ልጁ ሲጀምር ጋዝ ጠጪ ነበር። አለቃው «ወናፍ» ብሎ ስም አወጣለት፤ «አንተን አንጥረኛ ቤት ነው መቅጠር» እያለ በምሳ ሰዓት ያስቅበት ነበር። ሳቁ ባልከፋ፤ ግን ደንብ ደግሞ አለ። በደቂቃ ከሃያ ሊትር በላይ የሚተነፍስ ሰው ከስልሳ ሜትር በታች አይወርድም። ልጁ ያንን ስም የሰማ ዕለት እህቱን አስምሏት ነበር፣ እሷ እንኳ በዚያ ስም እንዳትጠራው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየወረደ እየወረደ ሄዶ አሥራ ሰባት ላይ አረፈ።

እሷስ? በአንድ አልጋ ነው ያደጉት። ሲፈራ እንዴት እንደሚያለከልክ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ቁጥሩ ሲወርድ ያልጠረጠረችው ደስ ስላላት ነው። ዕቅዱም ጀርባው ላይ በሚሸከማቸው ሲሊንደሮች ልክክ ብሎ አለቀላት፤ ሌላ መጨመር አላስፈለገም። ፈረመች። ልጁ ዋሸ፣ እሷ ደግሞ ውሸቱ ስለተመቻት አመነችው። ከሁለቱ የማን ይብሳል ቢባል የሷ ይብሳል።

እርሳስ አነሳች። ሒሳቡ አይጠፋትም። ሰባ ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ እላይ ስምንት ትንፋሽ የሚሆን ጋዝ ይበላል። ሁለት የደነገጡ ሰዎች፣ አሥር ደቂቃ ወደ ላይ። ለልጁ በድንጋጤ ሃያ አምስት ብላ ይዛለት የነበረውን አርባ ብላ አሰበችው። ሺህ ሊትር ጎደለ። ሃያ አንድ ሜትር ላይ ያለው ሲሊንደር ጋ ሳይደርሱ ሦስት አራት ደቂቃ ባዶ ማለት ነው። ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዳይወጡ፣ ሰውነታቸው የያዘው ጋዝ ደማቸው ውስጥ አረፋ ሆኖ ይገድላቸዋል።

«ጋሼ» አለች። «ለነገ የተዘጋጀው ሲሊንደር የታለ?»

ካፒቴኑ ከመሪው ዞር አለ። አባቷ ሊሆን የሚችል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ጥልቁ ላይ የሚተነፍሱት የታችኛው ቅይጥ ያለበት? እዚያ ጥግ። ምነው ልጄ?»

«አርባ ሜትር ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«ዕቅዱ ላይ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ዕቅዱ ላይ የሌለ ሲሊንደር ደግሞ አይነኩም። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሻቸው? ቢሞቱ አይነኩትም።»

እውነቱን ነው። ስድስት ሜትር ላይ የሚያድን ኦክስጅን አርባ ሜትር ላይ አንዘፍዝፎ ይገድላል። ስለዚህ ሰው ያልጠበቀውን ሲሊንደር አፉ ላይ አያደርግም፤ አለቀ። ይህን ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ እስኪገባ የደጋገመችው እሷው ናት። በገዛ ትምህርቷ እጅ እግሯ ተሳሰረ።

ሲሊንደሩን እየጎተተች አመጣችው። ውስጡ ያለውን በመለኪያ አየች፤ ትክክል ነው። ደግማ አየች። ሰፊ ነጭ ፕላስተር ዙሪያውን ጠቀለለችና ማርከር ይዛ ቀረች። የሷን ፊርማ ቢያዩ በቂ ነው? ፊርማዋ በፊተኛው ዕቅድ ላይም አለ፤ እዚያስ ምን ጠቀመ? ወንድሟ በዚያ ጨለማ ውስጥ በአንድ እይታ «ይሄ ለእኔ ነው፣ አውቃብኛለች» የሚልበት ቃል ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ቃል አንድ ብቻ ነው ያለው።

በትልልቁ ጻፈች። «40 ሜትር። የታችኛው ቅይጥ። ለወናፍ።»

ካፒቴኑ አነበበው። መንጠቆውን ወደ ታች በሚወርደው ዋና ገመድ ላይ አስገባላትና ሁለቱም እየያዙ በሌላ ገመድ ለቀቁት። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። አሰረችው፤ እጇን ግን ከገመዱ አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ክፋቱም ይሄው ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል። ልጁ ጋዙን ቶሎ ከጨረሰ ቶሎ ይመለሳሉ፤ ምናልባት ሲሊንደሩ ሳይደርስ አልፈውት ይሆናል። ወይም ምንም አልሆኑ ይሆናል፤ አይተው፣ ተገርመው፣ ትተውት ይመጣሉ። ይህን ሁለተኛውን ለመነች። አደራህን እንዳትነካው፣ አደራህን እንዳያስፈልግህ።

ገመዱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጇ ላይ ቀለለ። አንድ ሰው ሲሊንደሩን ነቅሎ ወስዶታል።

ጀልባዋ ወለል ላይ ተቀመጠች። ወሰዱት ማለት ከታች የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ወሰዱት ማለት ደግሞ ቢያንስ አንዱ አለ ማለት ነው። አንዱ። የትኛው? አረፋው ብቅ ሲል ብትቆጥረው ተደባልቆ አልቆጠር አላት። የአለቃው ሚስት ፊት ድንገት ታያት፤ ወንድሜ ይሁን ብላ በልቧ መረጠች፣ ባሰበችውም አፈረች።

«ሰሌዳውን እንላክላቸው» አለ ካፒቴኑ። «አሁን ሃያ አንዱ ጋ ደርሰው መቆም አለባቸው።»

ውሃ የማያጠፋው እርሳስ የታሰረበት ነጭ ሰሌዳ ነው። «ስንት ናችሁ? የውነቱ ቁጥር ስንት ነው?» ብላ ጻፈችና አወረደችው። መልሱ እስኪመጣ የቆየው አምስት ደቂቃ ነው። ካፒቴኑ ሰዓቱን ባያይ ኖሮ ግማሽ ቀን ነው ትል ነበር። ገመዱን ከታች ሁለት ጊዜ ጎተቱት። ሰሌዳውን ሳበችው።

ጽሑፉ የወንድሟ ነው፤ ያጋደለ፣ የተንጋደደ፣ ልጅ ሳለ ጀምሮ ያልተስተካከለ።

«ሁለት ነን። የአለቃ ሲሊንደር አንገቱ ላይ አፈሰሰ፣ ባዶውን ቀረ። ያንቺን ባናገኝ አልቆልን ነበር። እታለም፣ 29 ነው። እንደገና አስቢው።»

ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። እንደገና አስቢው ብሏል። አረፋ እንዳይገድላቸው እየቆሙ ወደ ላይ ለመውጣት ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀራቸዋል፤ በየመቆሚያው የተሰቀለው ሁሉ የተለካው በአሥራ ሰባት ነው። የዕቅዱን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ ከወንድሟ ስም ፊት ያለውን ቁጥር ሰረዘችና በእስክሪብቶ ሃያ ዘጠኝ አለች። የሃያ አንድ ሜትሩ ይበቃል፤ ለጥቂት። የስድስት ሜትሩ ኦክስጅን ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ይጎድለዋል።

«ጋሼ፣ የመጨረሻውን ኦክስጅን» ብላ ቀና ስትል ካፒቴኑ ሲሊንደሩን አቅፎ ቆሟል።

ፕላስተሩን ጠቀለለች። «6 ሜትር» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ያንኑ ስም ልትጽፍ ማርከሩን አስጠጋችና ተወችው። «ለወንድሜ» አለች፤ ገመዱንም አብረው ለቀቁት።