ዝርዝር የለም፣ ጓንዡም

ይሄ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ከአስኮ ሳንሱሲ በእግሬ ልሂድ። ቅርብ ነው የሚል ካለ በሐምሌ ጭቃ ይሞክረው።

የኮልፌው ገሜዳ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ፣ የኤርፖርት አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ባለ መቶ ዩዋን ኖት ሹፌሩ ፊት ያወዛውዛል። የታክሲ መለዋወጫ ሊገዛ መጥቶ፣ ገንዘቡን ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ አፍስሶ፣ የቀረችው ይቺ አንዲት ኖት ናት። አገሬው የሚከፍለው በስልክ ነው። የገሜዳ ስልክ ግን የመክፈያውን መተግበሪያ ከጫነበት አራት ቀን ቢሆነውም ዛሬም «ማንነትዎን እያጣራን ነው» ይለዋል። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል፤ ቪዛው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።

ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ በቻይንኛ አወራበት። ስልኩ በአማርኛ ተረጎመ፦

«ሃያ ነው። ዝርዝር የለም። ውረድ።»

ገሜዳ ክው አለ። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ አስራ አንድ ዓመት የታክሲ ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ይቺን ቃል ለስንቱ ብሏታል!

ሚስቱ ሜቲ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ኤርፖርት አልደረስክም?»

«ሜቲዬ፣ ዝርዝር አጥቼ ሹፌሩ አላሳፍርም አለኝ።»

«ዝርዝር? አንተ? ሰውን ሁለት ሁለት እያረግክ ‹ተካፈሉ› ስትል አልነበር እንዴ የምትውለው? ሙያህን ጉምሩክ ወሰደብህ?»

ዘጋው። ከኋላው አራት አሮጊቶች ሃያ ሃያ ዩዋን ይዘው ሹፌሩ አጠገብ ያለው የሒሳብ ሳጥን ውስጥ ሊከቱ ተሰልፈዋል። የሳጥኑን አፍ በመዳፉ ከደነው።

«እማማ፣ አንዴ! ሒሳብ ወደዚህ!»

አንደኛዋ ሌባ መስሏት ቦርሳዋን አቀፈች። ገሜዳ አሮጊቶቹን በጣቱ ቆጠረ፣ አምስተኛ ብሎ የራሱን ደረት መታ፣ ከዚያ መቶዋን ሳጥኑ ውስጥ ሰደዳት። ሹፌሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። አምስት ሃያ። ሳቁን ለቀቀው። አሮጊቶቹ ሃያ ሃያቸውን ለገሜዳ አቀበሉት፤ እሱም በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰካቸው። አጨበጨቡለት።

«ሳበው!» አለና በሩን መታ መታ አደረገው።

ሹፌሩ ከኋላው ያለውን ምርጥ ወንበር ጋበዘው። ገሜዳ እንደ ባለሀብት ተንሰራፋ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ግን አንዲት ፈረንጅ ባለ መቶ ይዛ በሩ ላይ ቀረች፤ የሹፌሩ ስልክ በእንግሊዝኛ ያንኑ ይላታል። ገሜዳ ወንበሩን አየ። ሴትየዋን አየ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና መቶዋን ተቀብሎ አንዷን ሃያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተላት።

«ግቢ እህቴ፣ ግቢ! መልስሽ ስልሳው አሁን፣ ሃያዋ ስትወርጂ!»

ኤርፖርት እስኪደርሱ አልተቀመጠም።

እንግዲህ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ አሮጊቶቹ አላጨበጨቡም። ቦርሳዋን ያቀፈችው ግን ከረሜላ ሰጥታዋለች።