ከሽማግሌዎቹ የቀደመው ድንኳን

ሽማግሌዎች ከዛሪማ መጥተው ልጄን ሰርካለምን ለወዳጇ ለውዱ የሚጠይቁት ቅዳሜ ነበር። እኔ ግን ሐሙስ ዕለት ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢያችን የዕድራችንን ድንኳን አስተከልኩ። ቢፈቀድ እንኳ ሰርጉ ገና ለጥር ነው። ቢሆንም ድንኳኑ ተቀዶ ይሆናል፣ ዛሬውኑ ልየው ብዬ ነው። አግዳሚዎቹንም ደረደርኩ።

እንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሰርካለም ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ እንግሊዞች ይሄን ጋሪውን ከፈረሱ ፊት ማቆም ይሉታል።»

«ምን ማለት ነው ደግሞ?»

«የኋላውን ማስቀደም። ገና ሳልጠየቅ ድንኳን እንደመትከል!»

«ፈረሱ ከነጭራሹ ቢቀርስ?» አልኳት። እሷና ውዱ ከተስማሙ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ በአንድ ነገር ቅር ብሏቸው ቢመለሱ ልጄ ምን ይውጣታል?

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል። እነዚህ ሦስቱ ግን ድንኳኑን እንዳዩ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ትልቁ፣ አያ ሰውአገኝ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ያለቅሱ ጀመር።

ውዱ ሞቷል! የሊማሊሞ ቁልቁለት በልቶታል! «ወይኔ ልጄን!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

«አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሉ አያ ሰውአገኝ። «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«ውዱ ነዋ! እናንተ አይደላችሁ የምታለቅሱ?»

«ኧረ በስመ አብ! ምነው ታሟርቻለሽ? በማኪና ያመጣን እሱ፣ ይኸው ከደጅ አለ!»

«ታዲያ ምነው አለቀሳችሁ?»

«የለቅሶ ድንኳን ተክላችሁ፣ እንሳቅ ወይ?»

ባሌ እየሳቀ ሁሉንም አስረዳቸው። አያ ሰውአገኝ ደንግጠው ብድግ ሊሉ ሲሉ ትከሻቸውን ያዛቸው።

«የለም፣ አይነሱም! ከተቀመጡማ አለቀ። ሰጥተናል!»

«ሳንጠይቅ?»

«ሳትጠይቁ!»

«ሸጋ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽምግልና ግን አይቼ አላውቅም!»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ሰርካለም ከጓዳ «ጋሪው ፈረሱን ጎትቶ አመጣው!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት።

እኔ ግን ወደ ደጅ ሮጥኩ። ውዱ መሪው ላይ ተደፍቷል፤ አይንቀሳቀስም። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ከእንቅልፉ ባንኖ መስታወቱን ሲያወርድ፣ ሞቷል ብዬ ደረቴን እንደመታሁ ሳልነግረው በመስኮቱ አቅፌ ሳምኩት።