ፊውዝ የሌለው ሽቦ

የጭነት መኪናዋ ቆሞ ባደረ ቁጥር ባትሪው ይወርድ ጀመር። ሾፌሯ መጀመሪያ ብርዱን ጠረጠረች፤ ቀጥሎ የባትሪውን እርጅና፤ በመጨረሻም ራሷን። መብራት ሳላጠፋ ወርጄ ይሆን እያለች ተመልሳ ጋቢናውን ትፈትሻለች። ጠዋት ቁልፉን ስታዞር ግን ሞተሩ አንዴ ያቃስትና ጭጭ ይላል።

እንዲህ በሆነ ቁጥር የምትሄደው ጋሼ ሽቦ ዘንድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ስለኖረ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የለም። የአባቷ የልብ ወዳጅ ነበር። አባቷ ሲሞት መኪናው እንዳይሸጥ የተሟገተላት፣ አጠገቧ ተቀምጦ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ ያስተማራት፣ በሰርጓ ቀን በአባቷ ቦታ የቆመው እሱ ነው።

«ባትሪ እኮ እንደ አማት ነው፤ ያለ ምክንያት አያኮርፍም» ብሎ አሳቃት በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ የባትሪውን ጫፎች አጸዳ። አልሻል ሲለው ባትሪውን ቀየረ። አዲሱም ሲወርድ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ፈታትቶ ገጠመ። ባሏም በበኩሉ «ጋሼን ስሚው፤ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም» ይላታል። ባሏ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ከመኪና የሚያውቀው የበሩን እጀታ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሩቅ ከተማ ሲሚንቶ አራግፋ ልትመለስ ስትል መኪናው አልነሳም አለ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሾፌሮች ጡሩምባቸውን አቀለጡት። የመጋዘኑ ዘበኛ አዘነላትና ከጎን ካለው ጋራዥ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ ይዞላት መጣ።

ሰውዬው ሁሉንም ነገር አስጠፋትና የባትሪውን ኔጋቲቭ ኬብል ፈታ፤ በኬብሉና በባትሪው መካከል የኤሌክትሪክ መለኪያውን አስገባ።

«ሌባ አለው» አለ ቁጥሩን አይቶ። «ቆሞ እያለም አንድ ነገር እየጠጣው ነው።»

መለኪያውን እሷ እንድታነብ ሰጥቷት ፊውዞቹን ተራ በተራ ይነቅል ጀመር። ሁሉንም ነቅሎ ሲጨርስ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲህ ሌባው በበር አልገባም። በፊውዝ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው የሚወስድ ሽቦ አለ ማለት ነው።»

ከባትሪው ጀምሮ በጣቱ እየዳበሰ ሄደ። ወፍራሙን ኬብል ታክኮ የሚሄድ ቀጭን ጥቁር ሽቦ አገኘ። ሽቦው ጋቢና ገብቶ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ አንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ አለቀ።

«መከታተያ ናት። የት እንዳለሽ ለሰው ስልክ ትናገራለች። ደህና ብትሆን ባትሪ ባልጨረሰች፤ ተበላሽታለች፣ ይኸው ትፋጃለች። አንቺ ነሽ ያስገጠምሻት?»

«አይደለሁም።»

ይህን ስትል ዓይኗ ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ላይ ነበር። በክር ተጠምጥሞ ነው በላዩ ቴፕ የተጠቀለለበት፤ የቴፑ ጫፍ ደግሞ እንደ ጆሮ ታጥፏል። ነገ ለሚፈታው ሰው እንዲቀለው ብሎ እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው።

ሰውዬው ሽቦውን ቆርጦ ሣጥኗን ከሰጣት በኋላ ኬብሉን መልሶ እያጠበቀ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

«የት ነሽ?»

«ማራገፊያው ጋ።»

«ድንገት ጠፋሽብኝ እኮ።»

«ከምን ላይ ነው የጠፋሁብህ?»

«ናፈቅሽኝ ለማለት ነው።»

ስልኩን ዘጋችው።

መኪናውን ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አስነስታ ስትመለስ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ጋሼ ሽቦ ጋራዥ ገብታ ሣጥኗን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

«ማን ፈታው?» አለ።

«እሱን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ባልሽ ነው የለመነኝ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ፣ ላንተም ልጅህ ናት አለኝ። እኔው እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ባትሪው ሲወርድስ? ዲናሞውን ስትፈታ መብራት የያዝኩልህ እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሼ። የሌለ በሽታ ስትፈልግ መፍቻ ሳቀብልህ ነበር።»

«ባወጣው እሱ ሊቀየመኝ፣ ብነግርሽ አንቺ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።»

«አባቴ ቢኖር ታደርገው ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠመንጃ መፍቻ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ሾፌሯ ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ አፏ እንቢ አላት። የባሏስ ይሁን፣ ቅናቱን ድሮም ታውቀዋለች። የዚህኛው ግን አንጀቷን አሳረራት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ሣጥኗን አይቶ አልካደም።

«ስለምሳሳልሽ ነው» አለ።

«የሚሳሳ ሰው ፊት ለፊት ይጠይቃል።»

«ያጠፋሽው ነገር ከሌለ ምን ያስፈራሻል ታዲያ?»

እዚህ ላይ ጥፋተኛ አድርጎ እንደሚያያት ገባት። ልብሷን በሻንጣ ከታ እህቷ ቤት ሄደች። ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመናት፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆማ አነጋግራ ሸኘችው። እስካሁን እዚያው ናት።

መኪናው አሁን ቁልፉ አንዴ ሲዞር ይነሳል። ጋሼ ሽቦ በሌላ ሾፌር በኩል «የፊት መብራቷ አቅጣጫውን ስቷል፣ ትምጣና ላስተካክልላት» ብሎ ላከባት። ሌላ ቦታ አሠራችው። በጋራዡ በኩል ስታልፍ ጥቅል ሽቦ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ደጅ ቆሞ ታየዋለች፤ እጁን ከፍ ያደርጋል። እሷ መንገዱን እያየች ታልፋለች።

አንዳንድ ጠዋት ግን ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት እጇን ከመቀመጫው ጀርባ ሰድዳ ትዳብሳለች። ምንም የለም። ቢሆንም ትዳብሳለች።