ማሽኑ ነው እምቢ ያለው

ናስር ሰው ማስቀየም አይችልበትም። ነገሌ ቦረና ያለው የጨርቅ ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ ያስገባ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ የይለፍ ቃል ሊጠይቅ መጣ፤ ለሁሉም ሰጠ። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍበት ግን አንድ መላ ዘየደ። ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ የራሱ አድራሻ አለው፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር አድራሻው የተመዘገበውን ብቻ እንዲያስገባ አደረገ። ከዚያ ወዲያ የይለፍ ቃሉን እንደ ልቡ ያድላል፤ "አልገባ አለኝ" ሲሉት፣ "ማሽኑ ነው እምቢ ያለው፣ እኔማ ምን ከፋኝ" ይላል። አይ ናስር!

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል። የእሱና የሚስቱ ልጅ ሃያት ዶሎ ኦዶ ወልዳለች፤ ባሏ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ለምሳ ሰዓት ብቻ ተውሶላት ሕፃኑን በቪዲዮ ልታሳያቸው ነው። የሱቁ ኮምፒዩተርም ሆነ የናስር አሮጌ ስልክ ካሜራ የለውም፣ የሞባይል ዳታውም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሚስቱ ዙለይካ ሻሿን ቀይራ፣ አዲሱን ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ራውተሩ አላስገባትም።

ናስር የሚያውቀው ዊንዶውስ ብቻ ነው። የሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የትእዛዝ መጻፊያውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አድራሻ የሚያወጣውን ትእዛዝ ጻፈና የወጣውን አድራሻ መዘገበ።

"ይኼ የኮምፒዩተሩ አይደለም እንዴ?" አለች ዙለይካ። "የኔን ስልክ እሱ ከየት ያውቀዋል?"

"ቆይ እስቲ።"

"ልቆይ። ብቻ ልጁ ጢም ሳያበቅል አድርሰኝ።"

ይኼኔ ጎረቤታቸው መምህር ጋልጋሎ "አካም፣ ናጋ?" እያለ ገባ። እሱም ማሽኑ እምቢ ካላቸው አንዱ ነው። ጭንቀታቸውን ሲሰማ ስልኩን ተቀበለ፤ ሴቲንግ ውስጥ "ስለ ስልኩ" የሚለውን ከፍቶ አድራሻውን አሳየው። ናስር መዘገበው። አሁንም እምቢ።

"አዳዲስ ስልክ ዋይፋይ ላይ እውነተኛ አድራሻውን ደብቆ ሌላ ይሰጣል" አለ ጋልጋሎ። "የራሱን እንዲሰጥ እናድርገው።" የዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ አንድ ቦታ ነካ አደረገ፤ ስልኩ ገባ።

ሕፃኑ እያዛጋ ብቅ አለ። "ማሻአላህ፣ አፍንጫው የናስር!" አለች ዙለይካ እንባዋ እየወረደ። ናስርም የልጅ ልጁን እስኪጠግብ አየና ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጋልጋሎ ዞረ።

"መምህር፣ ይኼን ሁሉ ከየት አመጣኸው?"

"'ማሽኑ ነው' ያሉኝ ጊዜ ምክንያቱን ፈለግኩ። የኔ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፣ ትእዛዙም ሌላ ነው፤ ግን አድራሻውን አገኘሁት።"

"ታዲያ መዝግብልኝ አትለኝም ነበር?"

ጋልጋሎ መሬት መሬት አየ። "አንቱን ማስቀየም መሰለኝ፣ ጋሼ።"

ናስር ኀፍረቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ። "በል ላፕቶፕህን አምጣና አድራሻውን እንየው።"

ላፕቶፑን ማምጣት አላስፈለገም። ጋልጋሎ አድራሻውን በቃሉ ይዞት ኖሯል።