የአንድ ሰው ቤት

የወንድሜ ልጅ ረድኤት አርክቴክት ናት። ጠዋት ሮቤ ታስተምራለች፣ ከሰዓት ጎባ ቢሮዋ ቁጭ ብላ ለሰው ቤት ትነድፋለች፣ ቅዳሜ ደግሞ የባሌን የጭቃ ቤቶች ታጠናለች። ከሚጠኑት አንዱ ወላጆቿ ሲሞቱ እሷን ያሳደግኩበት ይኸው ጎባ ያለው የኔ ቤት ነው። ተማሪዎቿን አስከትላ ትመጣለች። ግድግዳዬን በሜትር ይለካሉ፣ ጥግ ጥጉን ፎቶ ያነሳሉ፤ ጉልበትዎ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። እንደ ወጉ ጎረቤቴ ዙህራና ሌሎቹ ጭቃውን ከገብስ ገለባ ጋር አቡክተው ሊመርጉልኝ መጡ። ዙህራም እንደኔ አርጅታለች። «ያ ረቢ» እያለች ወገቧን ይዛ ስትነሳ አንጀቴን በላችው። ያኑ ዕለት ለረድኤት ደውዬ የብሎኬት ቤት ንደፊልኝ አልኳት።

ተከራከረችኝ። የጎባን ብርድ የሚችለው ጭቃ ነው፣ እንዲህ ያለ ቤትም እያለቀ ነው አለች። እውነቷን ነው። እሷ ግን የምትኖረው ሮቤ በተከራየችው የብሎኬት ቤት ነው! እኔ ጋ ገብታ የማትኖረው ቤቴ ጭቃ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ በዚህ ዕድሜ ልመና አያምርብኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ንድፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። እጇ የተባረከ ነው። መስኮቱን ወደ ጠዋት ፀሐይ አዙራዋለች፣ ጀርባውን ከሳነቴ ተራራ ለሚወርደው ንፋስ ሰጥታዋለች፣ የበሩን ደፍም ለጉልበቴ ብላ ዝቅ አድርጋዋለች። ለካ ጉልበቴን ታይ ኖሯል። ደስ ብሎኝ በጣቴ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። ሳሎን፣ ማድቤት፣ መታጠቢያ፣ መኝታ ቤት። እዚያ ላይ አለቀ።

«ሌላው መኝታ ቤትስ?» አልኳት።

«ለአንድ ሰው ይበቃል እትዬ። ትንሽ ሲሆን ለማሞቅም አይከብድዎትም።»

«አንቺስ የት ትተኛለሽ?»

እርሳሷን አስቀመጠች። የጠራሁት ልጄን ነበር፤ የመጣችልኝ አርክቴክቷ ናት።

«እኔማ ሮቤን ለመድኩት እኮ» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። ክፋት አልነበረባትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ሆዴን ያባባው።

ንድፉን ጠቅልዬ መለስኩላት።

«እንግዲያው ጭቃው ይቆይ» አልኳት። «ለሱ ስትይ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጪያለሽ።»