የገንቦው ቀን በሰልስት

«ሌሎቹ ልጆች ገንቦውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ነው የዞሩት። እኔ በትከሻዬ፣ በአንድ እጄ ብቻ ነው የማዞረው» አለች የኔአለም፣ ከድንኳኑ ጀርባ ገንቦውን ብርዝ እየሞላች።

አክስቷ ሰብሌ፣ በቅርቡ የወለደቻትን ጨቅላ ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ዛሬ እንኳ ጉራሽን ተይ ብላ ለመነቻት። ሰልስት ነበር። ለቀስተኛው ከመካነ ሰላምም ከየገጠሩም መጥቶ ድንኳኑን ሞልቶታል። የሞተችው የሰብሌ እናት፣ የየኔአለም አያት፣ እማማ አሰጋሽ ናት።

እማማ አሰጋሽ ድሮ ገራዥ ነበረች። በዚያ አገር ከእሷ ምላጭ ያመለጠች ሴት ልጅ አልነበረችም። ሰብሌ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በግርዛቱ ጠባሳ ምጥ ጠንቶባት ከሞት አፋፍ የተመለሰች ጊዜ ግን፣ አሰጋሽ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ተነስታ በቀጥታ ቤቷ ገባችና ምላጯን ሽንት ቤት ጣለችው።

ምላጩን መጣሉ ቀላል ነበር፤ የሰውን አፍ መዝጋቱ ነው የከበደው። ያልተገረዘች ልጅ እጇ አይጠናም፣ ዕቃ ትሰብራለች ይባላላ። ደግሞም የግርዛቱ ድግስ ሊቀር መሆኑ ያሳዘናቸው ነበሩ፤ ገንፎውስ ብለው ጠየቋት።

«ገንፎውማ ይቀጥላል። ማን ምላጭ በላ?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አዲስ ወግ መጣ። ልጅቱ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሙሉ ገንቦ ይዛ በሽማግሌዎች ፊት ትዞራለች፣ ለሁሉም ትቀዳለች፣ ይመርቋታል፣ ገንፎ ይበላል። ጠላ ሳይሆን ብርዝ የሆነው ቄሱም ሼሁም እኩል እንዲጠጡ ነው። እስከዛሬ አንዲትም ልጅ ገንቦ ሰብራ አታውቅም።

ዘንድሮ ተራው የየኔአለም ነበር። ኀዘን ነውና ይቅር ተብሎ ሳለ፣ የሟች እህት እትዬ እንቁ ለቅሶው መሀል ማንሾካሾክ ጀመረች። አሰጋሽ አልፋለች፤ ነገ ጨቅላዋ ስምንት ቀኗ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያለችው ገራዥ ትጠራ። በእናቷ ሞት አቅሏን የሳተችው ሰብሌም እምቢ ማለት አቃታት። ይህን ያየች የኔአለም ነች፣ ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ እንደማትሰብር ልታሳይ ገንቦውን ያነሳችው።

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። አያቷ ዓባይነህ ሚስቱን ከቀበረ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም፣ እንባም አልወጣውም። ከጎረቤቱ ከሼህ ያሲን ጎን ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። የኔአለም ገንቦውን ትከሻዋ ላይ አደላድላ፣ ወገቧን ሰብቃ፣ እትዬ እንቁ እያየቻት መሆኑን ለማረጋገጥ ዞር አለች። እንቁ እያየቻት ነበር። የኔአለም ግን የድንኳኑን ገመድ አላየችውም።

ገንቦው ፍርክስክሱ ወጣ። ብርዙ የሼህ ያሲንን እግር አጠበው።

«አላልኩም?» አለች እንቁ፣ ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

የኔአለም በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። በሩ ላይ የቆመችው ሰብሌ ጨቅላዋን እቅፍ አደረገች።

ዓባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንቁ፣ እህትሽ ተገርዛ አልነበር?»

«እንዴታ! ሁለታችንንም እናታችን ናት ያስገረዘችን።»

«ታዲያ እኔ ከእሷ ጋር ስኖር ጤነኛ ጀበና አይቼ አውቃለሁ? በሠርጋችን ማግስት የእናቴን እንስራ ይዛ ወንዝ ወርዳ ማሰሪያውን ብቻ ይዛ ተመለሰች።»

ሰው ከንፈሩን ነከሰ። በለቅሶ ቤት እንዴት ይሳቃል?

«የእኔን ድስትም ተውሳ ክዳኑን ነው የመለሰችልኝ። ነፍሷን ይማር» አሉ ሼህ ያሲን፣ እግራቸውን እያራገፉ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። እንቁ እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓባይነህ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ሳያስታውቅ ለቅሶ ሆነ። ሼህ ያሲን ጀርባውን እየዳበሱ አብሽር፣ አብሽር አሉት።

ሰብሌ ከበሩ ወደ ፊት መጣች። «ነገ ገንፎ አለ። ምላጭ የያዘ ሰው ግን እዚህ ቤት አይገባም» አለች። የተቃወማት የለም።

ለቀስተኛው ሲቀልል የኔአለም ልቧ ተመለሰ። አያቷ ተንበርክኮ አንዷን ገል አንስቶ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ በጋቢው ጫፍ ብርዙን ያብስ ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አዩ አባባ፣ እኔ ባልሰብረው ኖሮ እኮ ሕፃኗ አትተርፍም ነበር።»

ቀና ሳይል መለሰላት። «ያተረፈቻትስ አያትሽ ናት። አንቺ የሰበርሽው የዕድር ገንቦ ነው።»