የጾም እንክብል

የወንድሜን ሚስት ዮርዳኖስን ቤታችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም። ያለምክንያት ነው እንዳልል፣ ምክንያቱን በየወሩ ራሷ ታመጣልኝ ነበር። መጀመሪያ ጸጉር የሚያሳድግ ቅባት ሸጠች። ቀጥላ ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ። ዘንድሮ ደግሞ ከፋብሪካ ሥራዋ ጎን ለጎን ጉበት የሚያጸዳ እንክብል ይዛ መጣች። አረንጓዴ ብልቃጥ ነው፤ ላዩ ላይ የቅጠል ሥዕልና «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ከምን ቅጠል እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው የሚናገር ግን አንድ ፊደል የለበትም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜያለሁ። ይህን እያወቀች ብልቃጡን ፊቴ አስቀምጣ፣ «እትዬ ሠናይት፣ ሰውነታችን ውስጥ ስንት መርዝ እንደሚጠራቀም ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ሰውነቴ ውስጥ ያለውን እንጃ፤ ቤታችን ውስጥ የገባውን ግን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ወንድሜ ኤርሚያስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔም አልቀለድኩም።

ለአባዬም አንድ ብልቃጥ ይዛለት መሄዷን ያኔ አላወቅኩም። አባዬ ቄስ ወልደተንሣኤ ይባላል፤ አንኮበር ውስጥ፣ ከጎረቤላ ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀድሷል። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አንድ ቀን ደወለልኝ። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ስለ ጾም አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ቄሱ አንተ፣ ስለ ጾም የምትጠይቀው እኔን!» ብዬ ሳቅኩበትና፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ የደንበኛ ክኒን እየቆጠርኩ አፌ ላይ የመጣውን መልሼለት ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም አልደወልኩለትም።

በሆሳዕና ዋዜማ ጎረቤቱ እማማ ደመቀች ደወሉ። «አባትሽ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ቅዳሴ ከቀሩ ሦስት ቀናቸው» አሉኝ። አባዬ ታሞም ቢሆን ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ የጎረቤላ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ስደርስ ጋቢውን ተከናንቦ መደብ ላይ ተኝቷል። ዓይኑ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለበዓሉ ቀድማ የመጣችው ዮርዳኖስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሎሚ ትጨምቃለች። ያ አረንጓዴ ብልቃጥ ባዶውን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«አትደንግጪ፣ እትዬ» አለችኝ። «መርዙ እየወጣ ነው። ሲወጣ እንዲህ እንደሚያደርግ ስልጠና ላይ ነግረውናል።»

«ስልጠና! የሁለት ሰዓት ስልጠና ወስደሽ በአባቴ ጉበት ትፈርጃለሽ? አንቺ ነፍሰ ገዳይ! ጸጉር ሸጥሽ፣ ቦርጭ ሸጥሽ፣ አሁን የሰው ነፍስ ትሸጫለሽ?»

«ተይ ሠናይት» አለ አባዬ ከጋቢው ውስጥ። ድምፁ ሰልሏል። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለበጎ ብላ ነው።»

ለበጎ ብላ! ይህን ስሰማ ይበልጥ ተናደድኩ። «ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኩት።

«አልሄድም። ይህ የወፍ በሽታ ነው። የወፍ በሽታ መርፌ ከነካው አበቃለት። አጎትሽ እንዴት እንደሞተ ረሳሽው?»

«አጎቴን የገደለው ጉበቱ ነው እንጂ መርፌው አይደለም።»

«ከመርፌው በፊት ግን በሕይወት ነበር» አለ።

በዚህ አገር ይህን የማያምን ሽማግሌ የለም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ቤቱ ተኝቶ መሞትን ይመርጣል። ስለዚህ ዋሸሁት። «መርፌ የለም፣ አባዬ። አይተው ክኒን ሰጥተው ይመልሱሃል» አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝና ጫማውን እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ዮርዳኖስ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ያዘችው። «አባዬን አንድ ነገር ቢያገኘው የኤርሚያስን ደጅ ዳግም አትረግጪም» አልኳት። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። እሷ ከአባዬ ትከሻ የወረደውን ጋቢ አስተካከለችለት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ። ገና ሳንቀመጥ፣ «እኔ ፋርማሲስት ነኝ» አልኩት፤ ባዶውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጌ አስቀመጥኩና በጣቴ አሳየሁት። «ይኸው። የሰጠችውም ይህቺ ናት።»

ሐኪሙ ብልቃጡን አገላብጦ አየው። «አባ፣ በቀን ስንት ይወስዱ ነበር?»

«ሁለት ፍሬ» አለች ዮርዳኖስ ቀድማ። «መቶ ሃያ ፍሬ ነው፤ ለሁለት ወር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብዬ ነው የሰጠኋቸው።»

«ፍሬውን እንኳ አልዋጥኩም» አለ አባዬ። «ሽፋኑ ከከብት አጥንት ነው የሚሠራው አሉኝ። ሁዳዴ ነው፤ ቄስ ሆኜ እንዴት ብዬ? ቸገረኝና ሠናይትን ጠየቅኋት። ‹ሽፋኑን ጣለው፣ ዱቄቱን በውኃ በጥብጠህ ጠጣ፤ ቅጠል ነው፣ ምንም አይልህም› አለችኝ። ሁሉንም ፈልፍዬ ጣሳ ውስጥ አጠራቀምኩት። ከቅዳሴ መልስ፣ በባዶ ሆዴ፣ እንደ ኮሶ በዋንጫ እየበጠበጥኩ ጠጣሁት።»

«በዋንጫ?» አለ ሐኪሙ። «ዱቄቱን በምን ለክተው?»

«በሾርባ ማንኪያ ሙሉ ነዋ። ኮሶ ጥቂት ከጠጡት ትሉን ያስቆጣዋል እንጂ አያወጣውም። በሳምንት አለቀ።» ከዚያ ወደ እኔ እያመለከተ፣ በኩራት ማለት ይቻላል፣ «ባለሙያ ናት ልጄ» አለው።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ።

አስታወስኩ። የዚያን ቀን ስቆጥር የነበረውን ክኒን ቀለም ሳይቀር አስታወስኩ። የጠየቀኝ ስለ ጾሙ ነው፤ ስለ ጾሙ መለስኩለት። ምን ዓይነት እንክብል ነው፣ ማን ሰጠህ፣ ለምን ትወስዳለህ ብዬ አልጠየቅኩም። ማንም ደንበኛ ቢሆን እጠይቀው ነበር። ሽፋኑን አስጥዬ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» የሚለውንም ቁጥር አብሬ አስጣልኩት። ጾሙ አልፈረሰም፤ የፈረሰው ሌላ ነው።

ዮርዳኖስ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ አንቃት ነበር። አልተናገረችም። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ስድቧን ብሰማ ይሻለኝ ነበር፤ በዝምታዋ ከዚያ በፊት ከጠላኋት እጥፍ ጠላኋት።

«ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቷል» አለ ሐኪሙ። «ምን ያህል እንደሆነ ደማቸው ነው የሚነግረን። ለምርመራ ደም ይቀዳላቸዋል፤ መድኃኒቱም በደም ሥር ዛሬውኑ መጀመር አለበት።»

ነርሷ መርፌውን በሳህን ይዛ ገባች። አባዬ መርፌውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«የለም ብለሽኝ ነበር» አለ። ቁጣ የለበትም። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰበሰበ። ቆዳው እንደ ዓይኑ ቢጫ ነው። «ይሁን። አንቺ ካልሽ ልወጋ። ምንም አያደርግም በይኝና ልወጋ።»

መልሱን አውቀዋለሁ። አንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። አፌን ከፈትኩ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ያው በስልክ ያልኩት «ምንም አይልህም» ነውና መልሼ ዋጥኩት። ነርሷ መርፌውን ይዛ ቆመች። አባዬ ክንዱን እንደዘረጋ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ እትዬ» አለች ዮርዳኖስ። «አንቺን ነው የሚጠብቁት።»